እርጥበት የምትመጥ ትንሿ ከረጢት ለበርበሬና ለሽሮ ትሆናለች? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እህቴ ጅዳ ናት፣ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ቫይታሚን፣ አንዳንዴም የሚበላ ነገር ስትልክልን ውስጡ ‹አትብሉ› የተባለበት ትንንሽ ከረጢት ይወጣል፣ አንድ ፌስታል ሙሉ አጠራቅሜያለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሽሮዬ ይጓጉላል፣ አምና ደሞ ካስፈጨሁት በርበሬ ግማሽ ባልዲ ሻገተብኝ። እነዚህን ከረጢቶች ብከትበት ይጠቅማል? ፀሀይ ላይ ባሰጣቸው ድጋሚ ይሰራሉ ወይስ አንዴ ናቸው? መርዝ ነው የሚሉኝም አሉ። ለእህቴ በርበሬ ስልክስ ልጨምርላት? ከሻገተው ደህና የመሰለኝን ነፍቼ ፀሀይ አስመትቼ አስቀምጫለሁ፣ እሱስ ይበላል?»

ሰላም እህቴ፣ ስራዬ ምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዱቄት፣ ለውዝ ምናምን ሲመጣልን መጀመሪያ የምንለካው እርጥበቱን ስለሆነ ጥያቄሽ በቀጥታ የኔ ነው። ባጭሩ ልመልስልሽና ከዛ ሰፋ አድርጌ አስረዳለሁ። አዎ ይጠቅማሉ፣ አዎ ደግመው ደጋግመው ይሰራሉ፣ ግን ካጠራቀምሽው ውስጥ የጫማውንና የቦርሳውን ምግብ ውስጥ እንዳታስገቢ። ከሁሉም በላይ ግን ይቺን ያዢልኝ፣ ከረጢቷ የደረቀውን ትጠብቃለች እንጂ እርጥቡን አታደርቅልሽም። አምና በርበሬሽን ያሻገተው ውስጡ የነበረው እርጥበት ይመስለኛል፣ ከረጢት ኖሮበትም ቢሆን አይተርፍም ነበር።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። ውስጧ ያለው ነጭ ወይ ብርጭቆ የሚመስል ፍሬ ሲሊካ ጄል ይባላል፣ በአይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነገር ነው፣ የአንድ ግራሙ የውስጥ ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይወጣዋል፣ የአየሩ እንፋሎት እዛ ግድግዳ ላይ ነው የሚለጠፈው። በመካከለኛ እርጥበት 100 ግራም ደረቅ ጄል ወደ 20 ግራም ውሃ ይይዛል፣ አየሩ በጣም እርጥብ ከሆነ እስከ 35 ግራም ገደማ ይደርሳል ከዛ በኋላ በቃው ነው። አሁን 5 ኪሎ በርበሬ እንበል፣ ሲፈጭ እርጥበቱ 14 ፐርሰንት ነበር እኛ የምንፈልገው ደሞ 10 ነው፣ ይቺን 4 ፐርሰንት ለማውረድ ከ200 ግራም በላይ ውሃ መውጣት አለበት፣ ለዚህ ከ1 ኪሎ በላይ ደረቅ ጄል ያስፈልጋል። የጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘዋ አንድ ግራም ናት ብንል ከ1000 ከረጢት በላይ ማለት ነው። አይሆንም።

በሌላ በኩል ደሞ በርበሬው በደንብ ደርቆ ከገባ የከረጢቷ ስራ በጣም ቀላል ይሆናል። 5 ሊትር የሚይዝ ዕቃሽ ግማሹ ባዶ ቢሆን በክረምት አየር እዛ ባዶ ቦታ ላይ ያለው እንፋሎት ተሰብስቦ ቢመዘን 3 መቶኛ ግራም አይሞላም። ስለዚህ ክዳኑ አየር የማያስገባ ከሆነ 20 ግራም ደረቅ ጄል በየመክፈቱ የሚገባውን አየር ብቻ እየመጠጠ ክረምቱን ሊያወጣሽ ይችላል። ክዳኑ የሚያስገባ ከሆነ ግን ከረጢቷ የአዲስ አበባን አየር ለማድረቅ እየታገለች ነው፣ በሐምሌና በነሐሴ ደሞ የአየሩ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ፐርሰንት በላይ ስለሆነ በጥቂት ቀን ትሞላለች፣ ከሞላች በኋላ እዛ መቀመጧ ምንም አይፈይድም። ሻጋታ በደረቅ እህልና ቅመም ላይ መብቀል የሚጀምረው በዕቃው ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት 65 ወይ 70 ፐርሰንት ሲያልፍ ስለሆነ የኛ ክረምት በትክክል የሱ ወቅት ነው።

ወደ በርበሬሽ ልመለስ። መቼ እንዳስፈጨሽና እንዴት እንዳስቀመጥሽ አልጻፍሽም ግን እኔ ጋ ሻግቶ የሚመጣው በርበሬ ታሪኩ በሁለት ነው የሚያልቀው። አንደኛው ድልዙ ነው። ዛላው በጋ ላይ በደንብ ደርቆ ነበር፣ ሲያነሱት ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፣ ሲያጥፉት ይሰበራል፣ ከዛ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ ሲደለዝ ያን ሁሉ ውሃ መልሶ ይጠጣል፣ ሁለተኛው ማስጣት ደሞ ብዙ ጊዜ ይጣደፋል፣ ከላይ ደርቆ ይታያል፣ ቆንጠር አድርገሽ በጣትሽ ስትፈጪው ግን መፈርፈር ሲገባው ይለጠጣል። እሱ ከተለጠጠ አልደረቀም፣ ወፍጮ ቤት መሄድ የለበትም። ሁለተኛው ታሪክ ወፍጮው ራሱ ነው። በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው፣ እጅሽን ብታስገቢበት ይሞቃል፣ እንደዛው ፌስታል ውስጥ ታስሮ ወይ ባልዲ ውስጥ ተከድኖ ሲያድር ከሞቀው ዱቄት የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ክዳንና ግድግዳ ላይ ሲደርስ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ይወርዳል፣ እዛች ቦታ ላይ ብቻ ጓል ይሰራል፣ ሻጋታው ከዛች ጓል ይነሳል። ጠዋት ላይ ክዳኑን ገልብጠሽ ስር ስሩን እይው፣ ላብ ካለበት ዕቃው ገና ነው ማለት ነው። እናቶቻችን በርበሬ ከወፍጮ መጥቶ ሰፌድ ወይ ንጹህ አንሶላ ላይ ተበትኖ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አይከደንም የሚሉት ትክክለኛ ሳይንስ ነው፣ የትኛውም ከረጢት እሱን አይተካም።

ሽሮ ትንሽ ይለያል። የታመሰ ስለሆነ ከወፍጮ ሲወጣ ከበርበሬው ይበልጥ ደረቅ ነው፣ የሱ ችግር ከአየሩ በፍጥነት መሳቡ ነው፣ በተለይ ጨው አብሮ ከተፈጨ፣ ምክንያቱም ጨው የአየሩ እርጥበት 75 ፐርሰንት ሲደርስ እራሱ መቅለጥ ይጀምራል። የሽሮ መጓጎል በራሱ መበላሸት አይደለም፣ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ከረጢቷ በጣም የምትጠቅምሽ እንግዲህ እዚህ ነው፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የወተት ዱቄት፣ ደረቅ እርሾ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ላይ።

አሁን ፌስታሉን ዘርግፊውና እንለያቸው፣ ምክንያቱም ሁሉም «አትብሉ» ይበሉ እንጂ ውስጣቸው አንድ አይደለም። ከጫማ፣ ከቦርሳ፣ ከልብስ፣ ከሶፋ የወጣውን በሙሉ ከምግብ አርቂው። ውስጡ ተራ ሲሊካ ጄል ሊሆን ይችላል ግን ማንም ለምግብ ብሎ አልሰራውም፣ ደሞ በዚህ ነገር ላይ የሆነ ታሪክ አለ፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ በሚላኩ ሶፋዎችና ጫማዎች ውስጥ ሻጋታ እንዳይዝ ዳይሜቲል ፉማሬት የሚባል ኬሚካል በነዚህ በመሰሉ ትንንሽ ከረጢቶች ይደረግ ነበር፣ እንፋሎቱ ሶፋው ላይ የተቀመጡትን ጫማውን ያደረጉትን ሰዎች ቆዳ አቃጥሎ ብዙ ሰው ሀኪም ቤት ስለገባ የአውሮፓ ህብረት በ2009 እ.ኤ.አ ከልክሎታል። የትኛው ፋብሪካ ምን እንደሚያደርግ ከውጪ አይተሽ አታውቂም። እነሱን ለካሜራ፣ ለፓስፖርትና ለዶክመንት ሳጥን፣ ለእጅ መሳሪያ አድርጊያቸው፣ እዛ በጣም ይጠቅማሉ።

ሰማያዊ ሆኖ እርጥበት ሲይዝ ሮዝ የሚሆነውም ምግብ ውስጥ አይገባም፣ ቀለሙ ኮባልት ክሎራይድ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ካንሰር አምጪ ተብለው ከተመደቡት አንዱ ነው። ሲነኩት እንደ ፍሬ የማይንከባለል ዱቄት የሆነ ወይ ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ካገኘሽ ማግኔት አስጠጊበት፣ ከተሳበ የብረት ዱቄት ነው፣ እሱ ኦክስጅን የሚበላ ነው፣ እርጥበት የሚመጥ አይደለም፣ የታሸገው ከተከፈተ በኋላ ስራውን ጨርሷል፣ በምንም አይታደስም ጣይው። አንዳንድ የእስያ ብስኩትና የባህር አረም መክሰስ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ደሞ ያልበረደ ኖራ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ልጅ ቀዶ አይኑ ውስጥ ቢገባ አደጋ ነው፣ ይሄንን ሳትቀጂ ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። ቁምሳጥን ውስጥ የሚሰቀለው ሲቆይ ስሩ ውሃ የሚያጠራቅመው ካልሲየም ክሎራይድ ነው፣ እሱም ለምግብ አይሆንም። የሚቀርልሽ ከቫይታሚንና ከታሸገ ደረቅ ምግብ የወጣው ቀለም የሌለው ፍሬ ነው። ከመድሀኒት ዕቃ ውስጥ ግን መድሀኒቱ ሳያልቅ አታውጪ፣ እዛ የተቀመጠችው ለመድሀኒቱ ነው።

መርዝ ነው ለሚሉሽ፣ ተራው ሲሊካ ጄል ከአሸዋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ተውጦ ቢገኝ ሰውነት ሳይፈጨው ይወጣል፣ «አትብሉ» የተባለው ምግብ ስላልሆነና ህጻን ጉሮሮ ላይ ሊቀር ስለሚችል ነው። ትልቁ ፍርሀት ማነቁ ነው፣ ስለዚህ ህጻን ባለበት ቤት የቆሎ ዕቃ ውስጥ ትንንሿን ልቅ አድርገሽ አትተዪ። ከረጢት ተቀዶ ፍሬው ሽሮ ውስጥ ቢበተን በወንፊት ነፍተሽ አውጪው፣ የተመረዘ ሽሮ አይደለም።

ማደሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። ፀሀይ ይበቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፣ መልሱ እንደ ወሩ ነው። ጄሉ ውሃውን የሚለቀው ዙሪያው ያለው አየር በጣም ደረቅ ሲሆን ነው። በጥር፣ አየሩ ራሱ ደርቆ፣ ጄሉ የጋለ ቆርቆሮ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ብዙውን ይለቃል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። በነሐሴ ደመና ሲገለጥ የሚሰጣት ከረጢት ደሞ ውሃ ስትጨምር ልትውል ትችላለች። ክረምት ላይ የምትፈልጊያትን እንግዲህ ግንቦት ላይ አድሰሽ ጠርሙስ ውስጥ ከድነሽ ማቆየት ነው፣ ወይ ደሞ በእሳት ማደስ ነው።

በእሳት ስታድሺ ከረጢቱን ቅደጂና ፍሬውን አውጪው። ከረጢቱ ወረቀት ይምሰል እንጂ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ አለበት፣ 130 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ የቀለጠ ፕላስቲክ የነካውን ጄል መልሰሽ ምግብ ውስጥ አታስገቢም። ኦቨን ካለሽ ፍሬውን በብረት ትሪ ላይ በስሱ አድርገሽ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሁለት ሶስት ሰዓት ተይው። ኦቨን ከሌለሽ ለምግብ የማትጠቀሚበት አሮጌ ድስት በቀስታ እሳት ላይ ጥደሽ እያማሰልሽ ይሆናል፣ ምጣድ ግን ይቅር፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ በጣም ይግላል፣ ማይክሮዌቩም አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን እርጥብ ስለሚተው አልመክረውም። እሳቱን ከመጀመሪያው አታብዢው፣ ውሃ የሞላ ፍሬ በድንገት ሲግል እየተሰነጠቀ ይፈነጣጠራል፣ ብናኙም ጉሮሮ ይከረክራል፣ መስኮት ክፈቺ። ደረሰ ወይ ለማለት ቀዝቃዛ የመስታወት ክዳን ወይ ደረቅ ሳህን ከላዩ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢበት፣ መስታወቱ ጉም ከለበሰ ውሃው ገና እየወጣ ነው፣ ጉም መልበስ ሲያቆም ደርሷል። የወርቅ ሚዛን የምትመስለዋ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ካለችሽ ደሞ በጣም ጥሩ፣ መዝነሽ አድርቂ፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያንን ቁጥር ጻፊው፣ እሱ የደረቅ ክብደቱ ነው። 50 ግራም ብለሽ የጻፍሽው ዕቃ ውስጥ ከርሞ 60 ከደረሰ ጠግቧል፣ መታደስ አለበት፣ ቀለም ያለው ጄል ሳያስፈልግሽ እርጥበቱን ታነቢያለሽ ማለት ነው።

ከእሳት ስታወርጂው ጠረጴዛ ላይ ይብረድ ብለሽ እንዳትተዪው፣ ክረምት ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የለፋሽበትን ይጠጣል። ለብ እንዳለ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ የብረት ክዳኑን ክደኚው፣ እዛው ተከድኖ ይብረድ። ከዛ ንጹህ አቡጀዲ በደቃቅ ስፌት ትንሽ ከረጢት ሰፍተሽ በድርብ ክተቺው፣ ላዩ ላይ «አይበላም» ብለሽ በክር ጥለፊበት ወይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፊበት፣ ደረቅ ክብደቱንም አብረሽ።

ዱቄት ውስጥ አትቅበሪው። የበርበሬ ቅባትና ብናኝ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ከዛ ብታድሺውም እንደ በፊቱ አይሆንም፣ ሽታውንም ይይዛል ስለዚህ የበርበሬው ለበርበሬ፣ የቡናው ለቡና እንደተለየ ይኑር። ከክዳኑ ስር በክር ማንጠልጠል ወይ ክዳኑ የተበሳሳ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ከላይ ማስቀመጥ ይበቃል፣ እንፋሎቱ ራሱ ፈልጎት ይመጣል። ክዳኑን ለመፈተን ባዶውን ዕቃ ከድነሽ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስምጪው፣ አረፋ ካወጣ አየር ያስገባል። ጎማ ያለው የመስታወት ጠርሙስ አንደኛ ነው፣ የጎማ ክዳን ያለው ወፍራም የምግብ ባልዲም ጥሩ ነው፣ የቀለም ባልዲ ግን ታጥቦም ቢሆን ለምግብ አይሁን። ፌስታል ለብቻው እርጥበት ያሳልፋል፣ ማዳበሪያ ከረጢትማ ምንም አይከለክልም። ትልቁን በአንድ ዕቃ ከማስቀመጥ በአራት በአምስት ትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍለሽ አንዱን ብቻ እየከፈትሽ ጨርሺ፣ ወጥ ቤት ያለውን ደሞ ድስቱ ላይ ይዘሽ አትነስንሺ፣ የሚፈላው ወጥ እንፋሎት ቀጥታ ጠርሙሱ ውስጥ ነው የሚገባው፣ በደረቅ ማንኪያ አውጥተሽ ከድነሽ ከዛ ጨምሪ።

የማይሰራበትንም ልንገርሽ። ለውዝ፣ ኑግና ሰሊጥ ሲቆዩ የሚያመጡት መጥፎ ጣዕም ከኦክስጅን ነው፣ ጄል አይከለክለውም፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይሻላቸዋል። ጥሬ ቡና ከ10 እስከ 12 ፐርሰንት እርጥበት ላይ መቆየት ስላለበት ከመጠን በላይ ማድረቅ ጣዕሙን ይጎዳል። ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ቋንጣ ላይ ከረጢት ጨምሮ ማሸግ አደገኛ ነው፣ አየር የሌለበት እርጥብ ስጋ ሌላ ችግር ያመጣል። በቆሎ ወይ ባቄላ በብዛት ከምታስቀምጪ ደሞ ለእህል የሚሆን ቀላል ፈተና አለ፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉንና ትንሽ በጣም የደረቀ ጨው አድርገሽ ነቅንቂው፣ 15 ደቂቃ ያህል ተይው፣ ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 ፐርሰንት በላይ እርጥበት አለው፣ መልሰሽ አስጪው። እንደዛ ለበዛ እህል ከጄል ይልቅ አየር የማያስገባው ባለ ሶስት ድርብ ፒክስ ከረጢት ነው የሚሻልሽ፣ ነቀዙንም በአየር እጥረት ይገድልልሻል።

ለእህትሽ አዎ ጨምሪላት፣ እንደውም እሷ ካንቺ በላይ ያስፈልጋታል። ጅዳ ባህር ዳርቻ ናት፣ 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ እርጥበቱ 70 ፐርሰንት ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 28 ግራም ውሃ ይዟል፣ ያንቺው የነሐሴ አየር ደሞ ወደ 11 ግራም ነው። ግማሽ ግማሽ ኪሎ አድርገሽ በወፍራም ፕላስቲክ አሽገሽ፣ በየአንዳንዱ ውስጥ ታድሶ የተሰፋ ከረጢት አድርጊበት፣ እንደደረሰላትም ጠርሙስ ውስጥ ትገልብጠው። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጠችው ደሞ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ እንዳወጣች አትክፈተው፣ የክፍሉ አየር በቀዘቀዘው በርበሬ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፣ ተከድኖ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ትጠብቅ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ነፍተሽ ፀሀይ ያስመታሽው በርበሬ። አትብሉት። ሻጋታው ጓል ላይ ብቻ ቢታይም ክሩ ከሚታየው ይርቃል፣ በርበሬ ላይ ከሚበቅሉት ውስጥ ደሞ አፍላቶክሲን የሚያመርቱ አሉ፣ ይሄ መርዝ ጉበት ላይ የሚሰራ ካንሰር አምጪ ነው፣ በፀሀይ አይጠፋም፣ በወንፊት አይወጣም፣ ወጥ ሲቁላላ አይሞትም፣ ሽታ ወይ ጣዕም የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ በሽሮና በተፈጨ በርበሬ ላይ መገኘቱ ከድሮ ጀምሮ የተመዘገበ ነገር ነው። የበርበሬ ዋጋ ስንት እንደደረሰ አውቃለሁ፣ መድፋቱ ያማል፣ ግን ለከብትም ለዶሮም አትስጪው፣ መርዙ በወተትና በእንቁላል ይመለሳል። ባልዲውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ክዳኑ ጎማ ስር ያለውን ጎድጓዳ በብሩሽ ፈልቅቀሽ አውጪ፣ ፀሀይ ላይ ገልብጠሽ ጠብታ እስኪጠፋ አድርቂው፣ የዘንድሮውን በርበሬ ከዛ በፊት እንዳታስገቢበት።